መሞቴን የሰማሁበት ቅዳሜ

ባለፈው ዓመት አምቦ ሠርግ ተጠርቼ ነበር። ካሜራ የያዘው ልጅ ለሙሽሮቹ ትልቅ መብራት ሲያበራ አምፖሉ ላይ የከረመው አቧራ ተቃጠለ፤ ግማሹ የፀጉር፣ ግማሹ የብረት የሆነ ሽታ አዳራሹን ሞላው። ሰው እልል ይላል፣ እኔ እጄን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ በሩን እፈልጋለሁ። «አሞሽ ነው?» አለችኝ አጠገቤ የነበረችው ሴት። አላመመኝም። መሞቴን የሰማሁት በዚያችው ከተማ፣ በዚያው ሽታ መሃል ስለሆነ ነው። ይህን ደግሞ ሠርግ ላይ ለማያውቁት ሰው አያወሩም።

አምቦ የደረስኩት ከወሎ ነው፣ በዚያ በክፉው ቀን። ከመጠለያው ሰው በአውቶቡስ እየተጫነ ለሠፈራ ወደ ወለጋ ይወሰድ ነበር። እናቴ የታመሙ ሰዎች ድንኳን ውስጥ ስለነበረች አብራኝ አልተሳፈረችም። የሠፈራችን ሴት እጄን ይዛ አስገባችኝና «አብሽሪ፣ እናትሽ በሚቀጥለው ትመጣለች» አለችኝ። መንገድ ላይ እኔንም ትኩሳት ጣለኝ። አምቦ ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰውዬ ግንባሬን ነክቶ «ይቺ ትውረድ» አለ። ወረድኩ። አውቶቡሶቹ ተከታትለው በጉደር መንገድ ሄዱ፣ የሠፈራችን ሴትም አብራ ሄደች። ሲሻለኝ ከከተማው ዳር ወደሚገኝ የሕፃናት ማሳደጊያ አስገቡኝ።

ማሳደጊያው ከመንገዱ ፊት ለፊት ነበር፤ ይህ ደስ ብሎኝ ነበር። እናቴ የምትመጣበት አውቶቡስ የግድ በበራችን ማለፍ አለበት። ግቢው ውስጥ ኖራ ያልተቀባ ነገር አልነበረም፤ የመንገዱ ዳር ድንጋይ፣ የዛፎቹ ግንድ እስከ ወገብ፣ የሽንት ቤቱ ግድግዳ፣ ሁሉም ነጭ። ልጆቹ ሁሉ የተላጩ ነበሩ፣ እኔንም በደረስኩ ዕለት ላጩኝ። ደወላችን ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። ሲመታ እንነሳለን፣ ሲመታ እንሰለፋለን፣ ሲመታ እንበላለን። ስንበላ ማውራት ክልክል ነው። ስንሰለፍ የፊተኛዋን ልጅ ትከሻ መያዝ ግዴታ ነው። ከመኝታ በፊት ስማችን ይጠራል፣ አቤት እንላለን፤ አቤት ያላለች ልጅ ካለች እስክትገኝ ድረስ ማንም አይተኛም።

ስም የሚጠሩት ሞግዚታችን አዴ ሎሚ ናቸው። ወንዱ ኦቦ እንደሚባለው እሳቸውን አዴ እንላቸው ነበር። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ሲስቁ ያላየናቸው ሴት። ቁልፋቸው ከሩቅ ሲንሿሿ የሚያስለው ልጅ ሳሉን ይውጣል። ሰዎች ያ ሁሉ ደንብ አልከበደሽም ወይ ይሉኛል። እውነቱን ልናገርና አልከበደኝም። መጠለያው ውስጥ ከእናቴ በቀር በስሜ የጠራኝ ሰው አልነበረም። እዚህ ግን በየማታው አንዲት ቆጣ ያለች ሴት «ዘሐራ» ትላለች፣ እኔ «አቤት» እላለሁ፣ ከዚያ ሁሉም ሰው መተኛት ይችላል።

ግን ቦታው ያስፈራኝ ነበር። አርብ አርብ ልብስ ልናጥብ ፍል ውሃው ወዳለበት እንወርዳለን። ውሃው ከመሬት እየተንተከተከ ይወጣል፣ እጅ ሲሰዱበት ግን አያቃጥልም። በእኛ አገር ያለ እሳት የሚፈላ ውሃ የጂኒ ነው፣ ማንም አይጠጋውም። ጫልቱ በእጇ አፍሳ ጠጣችና አፍንጫዬ ስር አገሳች። ጫልቱ አልጋዋ ከአልጋዬ ጋር የተጋጠመ፣ ከደንዲ የመጣች፣ አባትም እናትም የሌላት ልጅ ነበረች። «ጠጪ፣ ሆድሽ ውስጥ ይጫወታል» አለችኝ። እምቢ አልኩ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ፊቴ ውሃው ውስጥ ነበረ፤ ከዚያ ከስር የመጣው አረፋ አፌን ወሰደው፣ ቀጥሎ ዓይኔን ወሰደው። ለቀናት አፌን እየዳበስኩ ከረምኩ።

የታሪክ መምህራችን ጋሽ ዓለሙ ይባላል። ገና ወጣት ስለነበር አንቱ የምንለው ፊቱ ስንቆም ብቻ ነው። ታሪክ ካላመማችሁ አልገባችሁም የሚል ሰው ነበር። ከአውራጃው የፊልም ማሽንና ጀነሬተር ተውሶ አመጣ፤ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የመመገቢያ አዳራሹን መስኮቶች በብርድ ልብሳችን ይሸፍናል፣ ግድግዳው ላይ አቡጀዲ ይወጥራል፣ በጠራራ ፀሐይ ያጨልምብናል። መጀመሪያ ያሳየን ጣሊያን ሰው ሲሰቅል ነው። ሲያበቃ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ ይጠይቃል። «ማነው የሰቀለው? ለምን? እናንተ እዚያ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?» ጫልቱ እጇን አወጣችና «እሮጥ ነበር» አለች። ጋሽ ዓለሙ አልሳቀም። «ጥሩ፣ እሱም መልስ ነው» አለ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ይህን እወቁልኝ።

በሌላ ቅዳሜ ደግሞ የክፉውን ቀን ፊልም ይዞ መጣ። በር ላይ ትከሻዬን ያዘኝ።

«ዘሐራ፣ ያንቺ አገር ነው የሚታየው። ካልፈለግሽ ውጭ ቆዪ።»

«እናቴ አለችበት?»

«እንዴት ብዬ አውቃለሁ? ብዙ ሰው ነው ያለው።»

ገባሁ። እናቴን ላያት ነው የገባሁት፤ ምናልባት አውቶቡስ ስትሳፈር ያሳዩኛል ብዬ። ጀነሬተሩ ውጭ ይንደቀደቃል፣ አምፖሉ ላይ ያለው አቧራ መሽተት ጀመረ፣ አቡጀዲው ላይ ተራራችን ወጣ። አንድ የማይታይ ሰውዬ ይናገራል። ሬዲዮ ላይ ዜና የሚያነብ ሰው ድምፅ ነው፤ ረጋ ያለ፣ የማይሳሳት። ድንኳኖቹ መጡ፣ የተኮለኮለው ሰው መጣ። ጀነሬተሩ ሲያንገራግር ጋሽ ዓለሙ ሊያየው ወጣ። እሱ እንደወጣ እናቴን አየኋት።

«እማ» አልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ።

ድንኳን ጥግ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ጉንጭ የሌላት ባለ ቁንጮ ልጅ ተኝታለች። ልጅቷ እኔ ነኝ። የሚያየን ነገር እየቀረበ መጣ፣ እናቴ ቀና ብላ አየችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፍፋ ፊቴ ላይ አለበሰችኝ። የማይታየው ሰውዬ በዚያ በማይሳሳት ድምፁ እንዲህ አለ፦ «ይህች እናት የቀረቻትን አንዲት ልጇንም ዛሬ ማለዳ አጣች።»

አግዳሚ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ። ከግራዬም ከቀኜም ልጆች እየተነሱ ነበር። ከዚያ በኋላ አቡጀዲው ላይ ምን እንደታየ የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም የሚያየው እኔን ነበር። የማሽኑ ብርሃን ላያቸው ላይ ያልፋል፣ የተላጨ ራሳቸው ይታየኛል፣ ፊታቸው አይታየኝም። ጋሽ ዓለሙ ጀነሬተሩን አስተካክሎ ሲመለስ ሁላችንንም ዝም ብለን አገኘን። ታሪኩ የገባን መስሎት መሆን አለበት፣ ጥያቄ ሳይጠይቀን አሰናበተን።

ማታ ስንሰለፍ ትከሻዬን የሚይዝ ጠፋ። ከኋላዬ ያለችው ልጅ እጇን አየር ላይ ዘርግታ፣ ሳትነካኝ ትራመዳለች። ጫልቱ አልጋዋን ጎትታ አራቀችው፤ መሃላችን ላይ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ተፈጠረ። «ኤከራ» ይላሉ ከብርድ ልብስ ስር። የሞተ ሰው መንፈስ ማለት እንደሆነ የነገረኝ የለም፣ ግን ከአባባላቸው ገባኝ። ስሜ ሲጠራ «አቤት» አልኩ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ ማልቀስ ጀመረች።

በነሱ አልፈርድም። እኔም አምኛለሁ። ሰውዬው ያለው እውነት መሆን አለበት፤ ምክንያቱም የነጠላው ውስጥ ትዝ ይለኝ ነበር። ጨርቁን አልፎ የሚገባ ቢጫ ብርሃን፣ የእናቴ ላብ፣ ከዚያ ሩቅ የሚሄድ የሰው ድምፅ። ሞት ማለት ይሄ ኖሯል አልኩ። የቀረውም ነገር ልክ ልክ ይገጥምልኝ ጀመር። ለምን ሁላችንንም እንደላጩን፣ ለምን ድንጋዩና ዛፉ ሁሉ እንደ ከፈን ነጭ እንደሆነ፣ ስንበላ ለምን እንደማናወራ፣ ውሃው ያለ እሳት ለምን እንደሚፈላ፣ እዚያ ግቢ ዘመድ የሚባል ሰው ለምን መጥቶ እንደማያውቅ። ሌሎቹም ሞተዋል ማለት ነው፣ ፊልማቸው ስላልመጣ አላወቁም። ከሁሉም ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነኝ። እንዲያውም ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። መሞት እንደሚያወሩለት አልነበረም፤ ቁርስ አለው፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ሥጋ አለው።

ኩራቱ ብዙ አልቆየም። አንድ ከሰዓት አጥሩ ጋ ቆሜ በእጃጂ በኩል ወደ ወለጋ የሚሄድ አውቶቡስ ስጠብቅ አንድ ነገር ታየኝ። እናቴ ፊቴን የሸፈነችው እሷው ናት። መሞቴን ከማንም በፊት የምታውቀው እሷ ናት። የሞተች ልጅ ፍለጋ አውቶቡስ የሚሳፈር ሰው የለም። እኔ በየቀኑ እዚህ ስቆም እሷ አልቅሳ ጨርሳ፣ ተነስታ፣ ወደ ቤታችን ተመልሳለች። አውቶቡሱ አለፈ፣ መስኮቶቹን አላየሁም። ሞቴ ያኔ ነው ያስለቀሰኝ።

ማንን እንደምጠይቅ ሳስብ እኔን አይቶ ያልሸሸ ሰው አዴ ሎሚን ብቻ አገኘሁ። ከልብስ ማጠቢያው ጋ አንሶላ ይጨምቃሉ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ የሚታጠበው አንሶላ በዝቶ ነበር።

«አዴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቂ።»

«እርስዎ የሞቱት መቼ ነው?»

እጃቸው ቆመ።

«ሞተሻል ያለሽ ማነው?»

«ፊልሙ ላይ ያለው ሰውዬ። እናቴም ታውቃለች። ስለዚህ አትመጣም።»

ባልዲውን ደፍተው ተቀመጡበት። አዴ ሎሚ ሲቀመጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ከላይ እስከ ታች አዩኝ፣ ፊቴን በእርጥብ እጃቸው ያዙ፣ እጃቸው ሻካራና ሞቃት ነበር። ከዚያ ሌላ አንሶላ አወጡና ጫፉን ሰጡኝ። «ያዢ። ጠምዝዢ። ጠንከር አድርገሽ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ።» እኔ ወደ ግራ እሳቸው ወደ ቀኝ እየጠመዘዝን ውሃው እግራችን ላይ ፈሰሰ። ሲያልቅ «ኤከራ አንሶላ አይጨምቅም» አሉ። ያሉት እንደ ማሳደጊያው ደንብ ነው፣ ስንበላ ማውራት ክልክል ነው በሚሉበት ድምፅ። ግማሽ ልቤ አመነ። ደንብ ስለሚመስል ነው ያመንኩት።

እጄን ይዘው ወደ ጋሽ ዓለሙ ክፍል ወሰዱኝ።

«ልጆቹን ምን አሳየሃቸው?»

«ታሪክ ነው፣ አዴ።»

«ታሪክህ አልጋ ላይ እየሸና ነው የሚያድረው። አንሶላውን የማጥበው እኔ ነኝ።»

«እውነቱን ማወቅ አለባቸው እኮ። ዛሬ ካልነገርናቸው ነገ ማን ይነግራቸዋል?»

«እውነቱ ይህችውና፣ እጄን ይዛ ቆማለች። ሞታለች ብሏታል ሰውዬህ።»

ጋሽ ዓለሙ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ወንበሩን ፈልጎ ያዘ። ያንን ፊልም በብዙ ትምህርት ቤት አሳይቷል፤ ባለ ቁንጮዋን ልጅ በደንብ ያውቃታል፣ ስለ እሷ ልጆችን ጠይቋል፣ ልጆች ስለ እሷ መልሰውለታል። አሁን የተላጨ ራሴን ያያል፣ ዓይኔን ያያል። «አንቺ ነሽ?» አለኝ። የዚህን ጥያቄ መልስ እኔም ከእሱ ነበር የምጠብቀው።

«መልሰህ ታሳያቸዋለህ» አሉ አዴ ሎሚ። «እኔም እገባለሁ።»

ቅዳሜ ብርድ ልብሱ እንደገና መስኮቶቹ ላይ ወጣ። አዴ ሎሚ ከፊተኛው አግዳሚ ተቀምጠው እኔን በግራቸው አስቀመጡኝ። ጫልቱን ጠሩና በእኔ በኩል «ታኢ» አሏት። ጫልቱ ተቀመጠች፣ ቂጧ ግማሹ ወንበሩ ላይ፣ ግማሹ አየር ላይ። አምፖሉ በራ፣ ሽታው መጣ፣ ያ ሰውዬ መናገር ጀመረ።

«ይሄን ሰውዬ ዝም አሰኘው» አሉ አዴ ሎሚ ሳይዞሩ።

ጋሽ ዓለሙ ድምፁን ቀነሰው፣ ቀነሰው፣ ጠፋ። ያለ እሱ አገሩ ሌላ ሆነ። የማሽኑ ቀጨ ቀጨ ብቻ ቀረ። ሰዎቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ያስላሉ፣ ልጆች ያለቅሳሉ፣ ምንም አይሰማም። አንዲት ሴትዮ እንደሳቀች ያየሁት ያኔ ነው፤ ሰውዬው ሲናገር ግን ስቃ አላየኋትም ነበር። ከዚያ ድንኳኑ ጥግ ደረሰ። እናቴ ቀና አለች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ምን እንዳለች ጆሮዬ ውስጥ ሰማሁት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የት ተቀምጦ እንደነበር አላውቅም።

«ዓይን ይበላሻል፣ እስኪሄዱ አትነቃነቂ ነው ያለችኝ» አልኩ።

አዳራሹ ውስጥ የኔ ድምፅ ብቻ ነበር።

«ጥቁሩን ዓይን ፈርታ ነው። ካሜራውን። ያንን ያህል ትልቅ ዓይን አይታ አታውቅም። እኔ ስለታመምኩ ቶሎ ይበላኛል ብላ ነው።»

ነጠላው ፊቴ ላይ ወረደ። ጫልቱ ብድግ አለች።

«ኢላላ፣ ሚሊ ኢሼ ኒ ሶቾአ» አለች። ከዚያ አማርኛው መጣላት፣ «እግሯ ይንቀሳቀሳል። እዩት፣ እግሯ።»

እውነቷን ነው። ከነጠላው ግርጌ የወጣው እግሬ ጣቶቹን አጥፎ ይዘረጋል። ዝንብ አርፎበት መሆን አለበት። አትነቃነቂ ብትለኝም ልጅ ነኝና አልቻልኩም። ከኋላ ጋሽ ዓለሙ «ወይ ጉድ» አለ በቀስታ፤ ያንን ያህል ጊዜ አሳይቶት እግሬን አይቶት አያውቅም ነበር። ልጆቹ ወደ አቡጀዲው ተንጋግተው ሄዱ፣ ጥላቸው እግሬን ሸፈነው፣ አዴ ሎሚ «ወደ ቦታችሁ» ሲሉ ተመለሱ። ጫልቱ ሙሉ በሙሉ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ክንዷ ክንዴን ነካው፣ አላነሳችውም።

ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አልሞትኩም፣ እናቴም ሞታለች ብላ አላለቀሰችም። እኔ በሕይወት እንዳለሁ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ያንን ሳስብ ልስቅ ነበር፣ አፌን ከፍቼም ነበር።

ፊልሙ ግን አልቆመም። ባለፈው ማንም ያላየው ቦታ ላይ ደርሰን ነበር። የሚያየን ነገር እኔን ትቶ ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ እናቴ ፊት። ቀረበ፣ ቀረበ፣ አቡጀዲው ሁሉ የእሷ ፊት ሆነ። ነጠላ የለም። ፀጉሯ ገላጣ ነው፣ አንገቷ ገላጣ ነው። ዓይኗን አልነቀለችም፣ ያንን ጥቁር ዓይን እሷም ፊት ለፊት ታየዋለች፣ በጣም ረጅም ጊዜ አየችው። እዚያ ጨለማ ውስጥ ሆኜ የምታየኝ መሰለኝ።

ያኔ ነው ነገሩ የዞረብኝ። እናቴ በሕይወት እንዳለሁ ታውቃለች። በሚቀጥለው አውቶቡስ ትመጣለች ተብሏል። አውቶቡሶቹ ደግሞ ስንት ጊዜ አልፈዋል። ብትችል ኖሮ እያወቀች ሳትመጣ አትቀርም ነበር። አዴ ሎሚ ክንዳቸውን በትከሻዬ አሳለፉ፣ ከብዶኝ ነበር፣ እንዲያነሱት ግን አልፈለግሁም።

«እሷስ?» አለች ጫልቱ በጆሮዬ። «እሷስ ለምን አልተሸፈነችም?»

«ነጠላው አንድ ነበር» አልኳት።